የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ የሠራው ጠመንጃ፦ በጦርነት ጊዜ ያልታሰቡ አምራቾች

ባለቶርኖው
ሰላም ለቤቱ። ስለ ኤም ዋን ካርባይን፣ አጭርና ቀላል ስለሆነው የአሜሪካ ጠመንጃ፣ እዚህ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ቀላልነቱ፣ የጥይቱ ጉልበት ማነስ፣ የእግረኛው ዋና ጠመንጃ ከሆነው ከጋራንድ ጋር ሲተያይ። እኔ ዛሬ ማንሣት የምፈልገው ማን እንደሠራው ነው። ዕድሜዬን ብረት በሚቀርጹት ማሽኖች፣ በቶርኖና በፍሬዛ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ከመሣሪያው ይልቅ አሠራሩ ነው የሚያስደንቀኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ጦር ካርባይኑን የተቀበለው በኦክቶበር 1941 ነው። ሾፌሩ፣ መድፈኛው፣ የሬዲዮ ሠራተኛው፣ መኮንኑ ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጋራንድ ተሸክመው ከሚንገላቱ፣ በሽጉጥ ብቻም ከሚቀሩ፣ 2 ኪሎ ተኩል የማይሞላ፣ 15 ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ይያዙ ተባለ። ንድፉ የዊንቸስተር ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ፐርል ሃርበር ተደበደበ፤ ዊንቸስተርም ሆነ የመንግሥቱ የጠመንጃ ፋብሪካ ስፕሪንግፊልድ እጃቸው በጋራንድ ተይዟል። የሚፈለገው ደግሞ በሚሊዮን ነው።

ዋናውን ኮንትራት የወሰዱት 10 ድርጅቶች ሲሆኑ፣ ከእነሱ መካከል ከዚያ በፊት ጠመንጃ ሠርቶ የሚያውቀው ዊንቸስተር ብቻ ነበር። ከሁሉ በላይ ያመረተው ኢንላንድ፣ ኦሃዮ ዴይተን የሚገኝ የጄኔራል ሞተርስ ክፍል፣ የመኪና መሪ ነበር የሚሠራው፤ ብቻውን ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ካርባይን አወጣ። አንደርውድ የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ ነው፤ ወደ 545,000። አይ.ቢ.ኤም. የካርድ መደርደሪያና መቁጠሪያ ማሽኖች ይሠራ ነበር፤ ወደ 346,000። ናሽናል ፖስታል ሚተር በፖስታ ላይ የክፍያ ማኅተም የሚመታ ማሽን አምራች ነው። ሮክ-ኦላ ደግሞ ቺካጎ ውስጥ ሳንቲም ሲጎርስ ሸክላ የሚያጫውተውን ጁክቦክስ የሚሠራ፤ ወደ 228,000 ካርባይን አስረከበ። ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ ጠቅላላው ከ6 ሚሊዮን አልፎ ነበር።

በ1942 መንግሥት ለሲቪሉ ገበያ የሚወጣውን የጽሕፈት መኪናና የጁክቦክስ ምርት ሲገድብ እነዚህ ፋብሪካዎች ሠራተኛና ማሽን ይዘው ባዶ ሊቀሩ ነበር። ስለዚህ ፍላጎቱ ከሁለቱም ወገን ነው። ግን ፍላጎት ብቻውን ጠመንጃ አይሠራም። እኔ የምለው፣ ሥራውን የተሸከመው የድርጅቶቹ ስም ወይም ሀብት ሳይሆን ንድፉና ጌጁ፣ ማለትም ልክ መቆጣጠሪያ መለኪያው፣ ነው። ሐሳባችሁን እጠብቃለሁ።

የታሪክ ወዳጅ
ባለቶርኖው፣ ጥሩ ርእስ ነው ያነሣኸው። አንድ ጥያቄ አለኝ። እነዚህ ድርጅቶች በእርግጥ ሠሩት ወይስ ሌላ ቦታ የተሠራውን ገጣጥመው ስማቸውን መቱበት? የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ በርሜል እንዴት አድርጎ ይቦረቡራል?

ባለቶርኖው
ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያረፈው። ከሁሉ የሚከብደው በርሜሉ ነው። ረጅምና ቀጭን ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይዛነፍ መብሳት፣ ከዚያ ውስጡን በጥምዝ ቦይ መቅረጽ ልዩ ማሽን ይፈልጋል። አንደርውድ ማሽኑን አስገብቶ በርሜል ራሱ ሠራ፤ ለሌሎቹም አቀረበ። ስሚዝ-ኮሮና፣ ሌላው የጽሕፈት መኪና አምራች፣ ሲራኪዩስ ውስጥ ካርባይን ሳይሆን ኤም 1903ኤ3 የተባለውን በእጅ የሚጎረስ ጠመንጃ ሠርቷል፤ ወደ 234,000። እሱ በርሜሉን ከጠመንጃ ሠሪዎች ነው የገዛው፤ የቀረውን ግን ሠርቶታል።

የጽሕፈት መኪና ውስጡን ከፍታችሁ ዐይታችሁ ከሆነ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ብረቶች ናቸው። ከላሜራ በፕሬስ የተቆረጡ፣ በእሳት የጠነከሩ፣ ሚሊዮን ጊዜ ተመትተው ቦታቸውን የማይስቱ። ቃታ፣ የቃታ ሽቦ፣ የጥይት ማውጫ ጥፍር ከዚያ ብዙም አይርቁም። የለመደ እጅ አለ፤ የለመደ የእሳት ክፍል አለ።

ጌጁን ላስረዳ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ፣ ለእያንዳንዱ ውፍረት ሁለት ጫፍ ያለው መለኪያ ይሠራለታል። አንደኛው ጫፍ መግባት አለበት፤ ሁለተኛው መግባት የለበትም። ሠራተኛዋ ካሊፐር የተባለውን ባለቁጥር መለኪያ ይዛ ቁጥር ማንበብ አይጠበቅባትም። አንደኛው እምቢ ካለ ወይም ሁለተኛው ከገባ ዕቃው ወደ ጥራጊ ይሄዳል፤ ክርክር የለም። ለዚህ ነው ቀድሞ ፋብሪካ ደጃፍ ያልረገጡ ሴቶች በአጭር ሥልጠና ሥራው ላይ የገቡት። በጣም የሚያስፈራው ልኬት በቦልቱ (ጥይቱን ከኋላ በሚዘጋው ብረት) ፊትና ጥይቱ በሚቀመጥበት ጓዳ መካከል ያለው ነው፤ ያ ከሰፋ ቀለሁ ይቀደድና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ለእሱም የራሱ ጌጅ አለው። ጌጆቹን ራሳቸውን የሚለካ ሌላ ጌጅ አለ፤ ምክንያቱም ጌጅም በአጠቃቀም ይበላል።

ዘ ዳላስ
ሰላም ለሁላችሁ ከቴክሳስ። እዚህ ገን ሾው (የጠመንጃ መሸጫ ትርኢት) ላይ አንድ ሮክ-ኦላ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ጽሑፉ ከኋላ ማነጣጠሪያው በስተጀርባ ሪሲቨሩ (ቦልቱን የሚይዘው የጠመንጃው ዋና አካል) ላይ ነው የተመታው። በርሜሉ ላይ ግን፣ ከፊት ማነጣጠሪያው ወረድ ብሎ፣ አንደርውድ የሚል ስምና የተሠራበት ወርና ዓመት አለ። ሻጩ ምንም ችግር የለውም አለኝ። ሰደፉ ውስጥ ማንገቻው በሚያልፍበት ጎድጓዳ ቦታ አር.ኤም.ሲ. የሚል ማኅተም ነበረው። እዚህ ያሉ ሰብሳቢዎች ለሮክ-ኦላ ከሌሎቹ የበለጠ ይከፍላሉ፤ የሙዚቃ ሳጥን ድርጅት ስም ጠመንጃ ላይ ማየት ስለሚማርካቸው ነው። የበርሜሉ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። ተቀያይሮ ነው?

ባለቶርኖው
ተቀያይሮም ሊሆን ይችላል፤ ከፋብሪካው እንደዚያው ወጥቶም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ያጋጥማሉ።

አምራቾቹ አንድ የጋራ ኮሚቴ ነበራቸው፤ ክፍሎችን ከተረፈው ወደ ጎደለው የሚያዘዋውር። አንዱ ጋ በርሜል ሲጠፋና ሌላው ጋ ሲትረፈረፍ መስመሩ እንዳይቆም ይላላኩ ነበር። ስለዚህ ክፍሎቹ ላይ አጫጭር የፊደል ምልክት ይመቱባቸዋል፦ ዊንቸስተር ደብልዩ፣ ኢንላንድ አይ፣ አንደርውድ ዩ፣ ሮክ-ኦላ አር፣ አይ.ቢ.ኤም. ደግሞ ቢ። ኳሊቲ ሃርድዌር የተባለው የቺካጎ ድርጅት ብዙውን ክፍል በንዑስ ተቋራጭ ነው ያሠራው። ሪሲቨር እንኳ ሲያጥረው ዩኒየን ስዊች ኤንድ ሲግናል ሠራለት፤ የባቡር ሐዲድ ምልክትና መቀያየሪያ አምራች ነው፤ እነዚያ ሪሲቨሮች ዩ.ኤን. ኳሊቲ የሚል ጽሑፍ አላቸው። ያው ዩኒየን ስዊች ራሱን ችሎ ወደ 55,000 ኤም 1911ኤ1 ሽጉጥም ሠርቷል።

አር.ኤም.ሲ. ያልከው ራሱ ሮክ-ኦላ ነው። ጁክቦክስ ማለት ግማሹ የእንጨት ሥራ ነው፤ ትልቅ የአናጺ ክፍል ነበራቸው፤ የዋልነት ሰደፍ ለራሳቸውም ለሌሎችም ይሠሩ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ጦሩ አብዛኞቹን ካርባይኖች በየግምጃ ቤቱ ፈታቶ፣ አጥቦ፣ የሚስተካከል ማነጣጠሪያና የሳንጃ መያዣ ጨምሮ መልሶ ገጠማቸው። ያኔ የማን ክፍል የማን ጠመንጃ ላይ እንደሄደ የጠየቀ የለም። ቺካጎ የተሠራ ቦልት ኮነቲከት የተሠራ በርሜል ላይ ያለ ሞረድ ይገጥማል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይኸ ነው። በኛ ሙያ ሁለት ሰው አንድ ወርክሾፕ ውስጥ የሠራውን ዘንግና ቡሽ ለማጋጠም ስንት እንደምንለፋ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ፍቅሬ ዘአራት ኪሎ
ሁሉም ተሳካላቸው ማለት ነው? ይህን ያህል ድርጅት ተይዞ አንድ እንኳ አልወደቀም?

የታሪክ ወዳጅ
ይህችን ለእኔ ተዉልኝ፤ የዚህ ሁሉ ታሪክ ምርጡ ክፍል ስለሆነ።

የወደቀው ኢርዊን-ፔደርሰን ነው። ሚሺጋን ግራንድ ራፒድስ የቤት ዕቃ ከተማ ናት፤ ኢርዊን የታወቀ የቤት ዕቃ አምራች ነበር። ከማን ጋር ተጣመረ መሰላችሁ? ከጆን ፔደርሰን ጋር! ፔደርሰን ያኔ በአሜሪካ ካሉት የጠመንጃ ንድፍ ሊቆች አንዱ ነው። ለሬሚንግተን ስንት መሣሪያ የነደፈ፣ የራሱ ጠመንጃ ከጋራንድ ጋር ተወዳድሮ የተሸነፈ ሰው። ከ10ሩ ድርጅቶች መካከል ዊንቸስተርን ትተን በስሙ ላይ የጠመንጃ ሊቅ የያዘ እሱ ብቻ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ካርባይኖች ገጣጠሙ፤ ጦሩ አንዱንም አልተቀበለም። በ1943 ኮንትራቱም ፋብሪካውም ለሳጊናው ስቲሪንግ ጊር ተሰጠ፤ የመኪና መሪ ማርሽ የሚሠራው የጄኔራል ሞተርስ ክፍል። ሳጊናው ከኢርዊን-ፔደርሰን የተረከበውን ዕቃ አስተካክሎ ጨረሰው፤ የዚያ ድርጅት ስም ያለባቸው ካርባይኖች ጦሩ ዘንድ የገቡት በዚህ መንገድ ነው።

ሳጊናው ማን እንደሆነ ለማወቅ፦ ከዚያ በፊት የብራውኒንግ መትረየስ ኮንትራት ነበረው። እስከ ማርች 1942 ድረስ 280 እንዲያስረክብ ተዋውሎ 28,728 አስረከበ። ስለዚህ ባለቶርኖው ካለው ጋር እስማማለሁ፤ ጠመንጃ ማወቅና ጠመንጃ በብዛት ማምረት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

ናቲ ቦሌ
ኤም 16ንም የሠራው ማቴል ነው አይደል? የባርቢ አሻንጉሊት አምራቹ። ቬትናም ላይ ወታደሮቹ እጀታው ላይ የማቴልን ምልክት አይተዋል ይባላል።

የታሪክ ወዳጅ
ናቲ፣ ይህ ወሬ በጣም የተሰራጨ ነው፤ ግን እውነት አይደለም። ማቴል ለኤም 16 አምራች ሆኖ አያውቅም። ጠመንጃው ቀላልና ፕላስቲክ የበዛበት ስለነበር፣ መጀመሪያ ላይም ብዙ ስለነከሰባቸው፣ ወታደሮቹ በምሬት አሻንጉሊት ነው እያሉ ይጠሩት ነበር። ማቴልም ያኔ የእሱን መልክ የያዘ የልጆች መጫወቻ ጠመንጃ ገበያ ላይ አውጥቶ ስለነበር ወሬው ከዚያ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

እውነተኛውና ያልታሰበው የኤም 16ኤ1 አምራች ሃይድራ-ማቲክ ነው፤ የመኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራው የጄኔራል ሞተርስ ክፍል። በ1968 ኮንትራት ወስዶ ከ460,000 በላይ ሠራ፤ ስሙም ሪሲቨሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የመጫወቻ ፋብሪካ ከፈለግህ ደግሞ ወደ እንግሊዝ ሂድ። ትራይ-አንግ በሚል ስም የልጆች መጫወቻ የሚሸጠው ላይንስ ብራዘርስ ለንደን መርተን ውስጥ ስቴን ማርክ 3 የተባለውን አጭር አውቶማቲክ ከ800,000 በላይ አመረተ። ጠመንጃ አይደለም፣ የሽጉጥ ጥይት ነው የሚተኩሰው፤ ቢሆንም አካሉ ከአንድ የተጠቀለለ ላሜራ ነው። ላሜራ ጠቅልሎ የቆርቆሮ መኪና ሲሠራ የኖረ ፋብሪካ ለዚህ ያንሳል?

ሰላም ዘጋርመንት
እኔ ስለ መሣሪያ ብዙም አላውቅም፤ ግን የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራውና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የኛ መካኒክ ሲንጀርም ጁኪም ጠመንጃ ይሠሩ ነበር ይለናል። እውነት ነው?

ባለቶርኖው
እህቴ፣ መካኒካችሁ ብዙም አልተሳሳተም። የሲንጀር ነገር ትንሽ ይለያል። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከመግባቷ በፊት መንግሥት ለድርጅቶች የመለማመጃ ትእዛዝ ይሰጥ ነበር፤ ጥቂት ሠርታችሁ አሳዩ፣ ማሽኑና አሠራሩ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ በሚል። ሲንጀር በዚህ መንገድ 500 ኤም 1911ኤ1 ሽጉጥ ሠራ፤ ያማረ ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሽጉጡ ቀርቶ የፀረ-አውሮፕላን መድፍ መምሪያ መሣሪያ እንዲሠራ ተደረገ፤ ለዚያ ረቂቅ ሥራ እሱ ይሻላል ተብሎ። እነዚያ 500 ሽጉጦች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ውድ ናቸው።

ጁኪ ግን ሙሉ በሙሉ ከጠመንጃ ነው የተነሣው። በ1938 ቶኪዮ ውስጥ ወደ 900 የሚሆኑ የማሽን ሥራ ባለቤቶች ተዋጥተው መሠረቱት፤ ለጃፓን ጦር ጠመንጃ እንዲሠራ። በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ ፊቱን ወደ ልብስ ስፌት አዞረ፤ በ1947 የመጀመሪያውን የቤት ውስጥ ስፌት መኪና አወጣ። አንቺ የምትሠሪበት ማሽን የዚያ ቤት ልጅ ነው።

ሂሮሺማ ያለው ቶዮ ኮግዮም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ማዝዳ የምንለው። ባለሦስት እግር የጭነት መኪና ይሠራ የነበረ ድርጅት ታይፕ 99 ጠመንጃ በመቶ ሺዎች አመረተ። የመጀመሪያዎቹና የ1945ቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ልብ ይነካል። የመጀመሪያዎቹ በደንብ የተወለወሉ፣ ማነጣጠሪያቸው በርቀት የሚስተካከል። የመጨረሻዎቹ የመሣሪያ ፍቅፋቂ ያልጠፋባቸው፣ ማነጣጠሪያቸው አንድ ቦታ የተበየደ፣ የሰደፋቸው ሶል ብረት መሆኑ ቀርቶ እንጨት የሆነ። ሠራተኛው ሙያውን አልረሳም፤ ብረቱም ጊዜውም አልቆበት ነው።

ልጅ ቃኘው
ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁ። አባቴ ቃኘው ሻለቃ ነበሩ፤ ነፍስ ይማር። ኮሪያ ላይ የያዙት ጋራንድ እንደነበር፣ መኮንኖቹ ደግሞ ካርባይን ይይዙ እንደነበር ይነግሩን ነበር። የትራክተር ድርጅት የሠራው ጋራንድ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። አባቴ የያዙት እሱ ሊሆን ይችላል?

የታሪክ ወዳጅ
ለአባትዎ ነፍስ ይማር። ቃኘው በሜይ 1951 ኮሪያ ገብቶ ከአሜሪካው 7ኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ሲመደብ ትጥቁ አሜሪካዊ ነበር፤ ስለዚህ አባትዎ የነገሯችሁ ልክ ነው። የትራክተሩ ድርጅት ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ነው፤ ግን የእሱ ጋራንዶች በብዛት መውጣት የጀመሩት ውጊያው ሊያበቃ ሲል፣ በ1953 አካባቢ ነው። አባትዎ የያዙት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስፕሪንግፊልድ ወይም ዊንቸስተር የሠራው መሆኑ ይበልጥ ያስኬዳል። የመኮንኖቹ ካርባይን ግን ከላይ ከተጠቀሱት ከየትኛውም ሊሆን ይችላል፤ ያ ሁሉ ኮሪያ የሄደው የ1940ዎቹ ሥራ ነውና።

ልጅ ቃኘው
እግዜር ይስጥልኝ። ፎቶ አለን፤ ጠመንጃውን ደረታቸው ላይ ይዘው። ጽሑፉ አይነበብም እንጂ ቅርጹ ጋራንድ መሆኑ ይታያል።

ፍቅሬ ዘአራት ኪሎ
ባለቶርኖው፣ አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ጌጅ ጌጅ ትላለህ፤ ዋናው ግን ሀብት ነው። አሜሪካ ብረት ነበራት፣ ማሽን ነበራት፣ ቦምብ የማይወድቅበት መሬት ነበራት። ይህ ሁሉ ለሌላ አገር ተሰጥቶ ቢሆን እሱም በሠራው ነበር።

ዘ ዳላስ
በፍቅሬ በኩል ነኝ፤ ግን አንድ ምሳሌ ልጨምር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሩሲያ ጠመንጃ አጥሯት በ1915 ሞሲን የተባለውን የራሷን ጠመንጃ አሜሪካ ውስጥ አዘዘች፤ ከሬሚንግተን 1.5 ሚሊዮን፣ ከኒው ኢንግላንድ ዌስቲንግሃውስ 1.8 ሚሊዮን። ዌስቲንግሃውስ የኤሌክትሪክ ድርጅት ነው። ሀብቱም ማሽኑም ነበራቸው። ከሩሲያ የመጡት ተቆጣጣሪዎች ግን ጥብቅ ነበሩ፤ ብዙ መለሱባቸው፤ ሥራው እየተጓተተ 1917 ደረሰ፣ አብዮቱ መጣ፣ ከፋዩ ጠፋ። የአሜሪካ መንግሥት ድርጅቶቹ እንዳይከስሩ የቀረውን ራሱ ገዛ። በ1918 ወደ አርካንግልስክ የተላኩት የአሜሪካ ወታደሮች ሩሲያ ውስጥ የያዙት ይህንኑ አሜሪካ የተሠራ የሩሲያ ጠመንጃ ነበር።

ባለቶርኖው
ዘ ዳላስ፣ በፍቅሬ በኩል ነኝ ብለህ የእኔን ክርክር ነው የጨመርክልኝ።

ፍቅሬ፣ ሀብቱን አልክድም። ጃፓን ላይ ብረቱ ሲያልቅ የሆነውን ራሴ ጽፌዋለሁ። ነገር ግን ሀብት ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ባልተቸገረ ነበር። በ1951 ኮንትራቱን ሲወስድ በዓለም ካሉት ትላልቅ የእርሻ መሣሪያ አምራቾች አንዱ ነበር። ኢንዲያና ኤቫንስቪል ያለው ፋብሪካው በጦርነቱ ጊዜ ተዋጊ አውሮፕላን የተሠራበት ነው፤ በኋላ ማቀዝቀዣ ይሠራበት ነበር። ጊዜውም ገንዘቡም ነበረው። ጋራንድ ግን እንደ ካርባይኑ ለብዙ አምራች ታስቦ የተነደፈ አይደለም። ሪሲቨሩ ውስጡ ጥምዝምዝና ጉብታ የበዛበት፣ ብዙ የፍሬዛ ሥራ የሚበላ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ በዓመታት የተከማቸ የእጅ ዕውቀት የሚጠይቅ ነው። ያ ዕውቀት ንድፉ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተጻፈም። ሃርቨስተር መስመሩ ሲቆምበት የራሱ ስም የተመታበት ሪሲቨር ከስፕሪንግፊልድና ከሌላው የጠመንጃ አምራች ከሃሪንግተን ኤንድ ሪቻርድሰን አስመጣ። ወደ 337,000 ካስረከበ በኋላ ከሥራው ወጣ።

በርሜሉ ግን ሌላ ነው። ለሃርቨስተር በርሜል ያቀረበው ላይን ማቴሪያል የተባለ አላባማ በርሚንግሃም ያለ ድርጅት ነው፤ የኤሌክትሪክ መስመር ዕቃ አምራች። በርሜሉ ላይ ኤል.ኤም.አር. የሚል ምልክት አለ። እሱም ከዚያ በፊት የጠመንጃ ሰው አልነበረም። ዛሬ የዒላማ ተኳሾች ከጋራንድ በርሜሎች መካከል ፈልገው የሚገዙት የእሱን ነው።